ጠይቁ እንመልሳለን፦ ስለ ዶማ፣ ስለ ማጭድ፣ ስለ መንሽ

ባለፈው እትም ስለ ሞፈርና ቀንበር ከጻፍን በኋላ የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ እጅ መሣሪያ ናቸው። በጣም ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ስለ እርሻ ታሪክ በተወራ ቁጥር ማረሻው ይወደስና ዶማው፣ ማጭዱ፣ መኮትኮቻው ጓሮ ይቀራሉ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለነሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሰው መጀመሪያ በእንጨት፣ ከዛ በዶማ፣ ከዛ በማረሻ፣ ከዛ በትራክተር እያለ አደገ ሲባል እንሰማለን። የመጀመሪያው የእርሻ መሣሪያ በእርግጥ የቱ ነው? ዶማ የሚጠቀም ሰው ማለት ማረሻ ያልደረሰበት ሰው ነው ማለት ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ አንተስ እንዴት ሰነበትክ። የመጀመሪያው ሹል እንጨት ነው። የሚገርመው እንጨቱ ከእርሻ በፊት የነበረ መሆኑ ነው፣ ሰው እህል መዝራት ገና ሳያስብ ሥራሥር እየቆፈረ በሚበላበት ዘመን ማለቴ ነው። ጣሊያን ውስጥ ፖጌቲ ቬኪ የሚባል ቦታ ከ171,000 ዓመት በፊት ገደማ የተሠሩ መቆፈሪያ እንጨቶች ተገኝተዋል፣ የሠሯቸው ኒያንደርታል የሚባሉት ጥንታውያን ሰዎች ናቸው፣ እንጨቱ በጣም ጠንካራ ዓይነት ስለሆነ ቅርፊቱንና ጉጡን ለማንሳት እሳት ተጠቅመዋል። አስበው እስኪ፣ ብረት የለ፣ ነሐስ የለ፣ እንጨትን በእሳት ለብልቦ በድንጋይ መፋቅ ብቻ ነው ያለው።

እንጨት ብቻውን ግን ቀላል ነው፣ ደረቅ መሬት ላይ ስትወጋው ይነጥራል። ለዚህ የተገኘው መላ መሃሉ የተበሳ ክብ ድንጋይ እንጨቱ ላይ ማጥለቅ ነው፣ ድንጋዩ ክብደት ይጨምራል፣ የቆፋሪው ጉልበት ላይ የድንጋዩ ጉልበት ይደመራል። የደቡብ አፍሪካ ሳን ሕዝቦች በዋሻ ሥዕሎቻቸው ላይ ሴቶች እንዲህ ዓይነት መቆፈሪያ ይዘው ይታያሉ። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፣ እኛም አገር ነበር፣ ዴዝመንድ ክላርክ የሚባለው አርኪዮሎጂስት ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ባለ ድንጋይ መቆፈሪያ ሲሠራበት አይቶ በ1944 እ.ኤ.አ ጽፎበታል። የሐረርጌ ገበሬዎች ዶንጎራ የሚሉት ጫፉ ብረት የሆነው ረጅም መቆፈሪያም የዚሁ ዘር ነው፣ ጎን ለጎን ቆመው አንድ ላይ ሰክተው አንድ ላይ ሲፈነቅሉት ትልቅ ትልቅ ጓል ነው የሚገለበጠው።

ዶማ ሌላ ነገር ነው። መቆፈሪያውን ወደ ታች ትገፋዋለህ፣ ዶማን ግን አንስተህ ትወረውረውና ወደ ራስህ ትስበዋለህ፣ ስለዚህ መሬት ከመውጋት አልፎ አፈር ያንቀሳቅሳል፣ ቦይ ያወጣል፣ አረም ይቆርጣል፣ አፈር ያለብሳል። ጥንታዊቷ ግብፅ ዶማዋን ሙሉ በሙሉ ከእንጨት ነበር የምትሠራው፣ ሁለት እንጨት ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ መሃሉ በገመድ ይታሰራል፣ ከጎን ስታየው ቁርጥ ለ ፊደልን ነው። ጊንጥ የሚባለው የግብፅ ንጉሥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3100 ገደማ በተቀረጸ የዱላ ራስ ላይ ይቺኑ ዶማ ይዞ ቦይ ዳር ቆሞ ይታያል፣ ዕቃው ዛሬ ኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም ውስጥ ነው። ንጉሥ ነው እኮ! ግዛቱን ለማሳየት ከሰይፍ ይልቅ ዶማ ነው የመረጠው። በኋላም ግብፆች ሰው ሲሞት በወዲያኛው ዓለም የሚያርሱለት ትንንሽ ምስሎች አብረው ይቀብሩ ነበር፣ ብዙዎቹ እጃቸው ላይ ዶማ አለ፣ ቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ብቻ እንዲህ ያሉ 413 ምስሎች ተገኝተዋል። ቻይና ውስጥ ደግሞ ሄሙዱ በሚባል ቦታ ከ7 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሩዝ የሚያመርቱ ሰዎች ከጎሽ ትከሻ አጥንት አካፋ ይሠሩ ነበር፣ ጭቃ ለመዛቅ ከሱ የተሻለ ነገር በአካባቢያቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። ማረሻ ከዶማ በኋላ መምጣቱ እውነት ነው። ከዛ ተነስቶ ዶማ የያዘ ሁሉ ወደኋላ የቀረ ነው ማለት ግን ትልቅ ስህተት ነው። የኢንካ መንግሥት ምሳሌ ይሁንህ፣ አንዲስ ተራራ ላይ የሚጎትት ከብት አልነበራቸውም፣ ላማ ዕቃ ይሸከማል እንጂ ማረሻ አይጎትትም፣ ስለዚህ ቻኪታክላ በሚባል በእግር እየተረገጠ በሚሰካ መቆፈሪያ ነበር የሚያርሱት፣ በዛ መሣሪያ ሚሊዮኖችን ቀልበው መንገዱን፣ ጎተራውን፣ የድንጋይ እርከኑን ሠርተው ትልቅ መንግሥት አቆሙ። የድንች ማሳ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ከሆነ ዛሬም ፔሩ ውስጥ በሱ የሚያርሱ አሉ። መሣሪያን የሚመርጠው አፈሩ፣ ዳገቱና ተክሉ ነው፣ ይሄን ያዝልኝ፣ ለሚቀጥለው ጥያቄም ይጠቅመናል።

ጥያቄ፦ የኮንሶን እርከን በቪዲዮ አየሁ፣ ሰዉ በሙሉ በዶማ ነው የሚቆፍረው። በሬ እያለ ለምን? ድህነት ነው ወይስ ልማድ? ጉራጌ አገርም እንደዛ ነው ይባላል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ኮንሶ ስትሄጂ እዛው እርከኑ ላይ ቁሚና በሬ የት እንደሚዞር አስቢ። ጥማድ በሬ መሬት ይፈልጋል፣ ትልሙ ሲያልቅ መዞሪያ ይፈልጋል። የኮንሶ እርከን ደግሞ በድንጋይ ካብ የተያዘ ጠባብ መደብ ነው፣ ካቡ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፣ እዛ ላይ ሁለት በሬ ብታወጪ መጀመሪያ የሚፈርሰው ካቡ ነው። ካቡ ከፈረሰ አፈሩ ይሄዳል፣ አፈሩ ከሄደ አገሩ አለቀ። ስለዚህ ዶማው ራሱ የእርከኑ አካል ነው፣ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ ቦታውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ሥራው ከ400 ዓመት በላይ፣ ከ21 ትውልድ በላይ የቆየ መሆኑን ጠቅሷል። ማሽላው፣ ጥራጥሬው፣ ሽፈራው ዛፉ አንድ መደብ ላይ ተደባልቆ ስለሚበቅልም በመሃላቸው እየመረጠ የሚገባ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ ማረሻ አይመርጥም፣ ያገኘውን ይገነጥላል።

የእንሰት አገርም ምክንያቱ ተመሳሳይ ነው። እንሰት በየዓመቱ ተነቅሎ የሚዘራ አይደለም፣ አንዱ ተክል ለብዙ ዓመት ይቆማል፣ የሚተከለውም ቤት ዙሪያ ነው፣ በመሃሉ በሬ ነድቶ ማረስ አይታሰብም። በደቡብ ብዙ ቦታ የምታዪው ባለ ሁለት ጣት መቆፈሪያ ለዚህ ነው የተፈጠረው፣ ሁለቱ ጣቶች አፈሩን ሰንጥቀው ይገቡና ሲነቀነቁ ይሰብሩታል፣ ጠፍጣፋ ዶማ ግን ያገኘውን ሥር ሁሉ ይቆርጣል፣ ድንጋይ ሲያገኝም ይቆማል። ደግሞ መቆፈሩ የወንድ ሥራ ሆኖ ሲያልቅ የሴቶቹ መሣሪያ ይጀምራል፣ እሱ ላይ ሰው ብዙ አይጽፍም፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ እሱ ነው። ሳንቃው ዘንበል ተደርጎ ይቆማል፣ የእንሰቱ ግንድ ልጣጭ ሳንቃው ላይ ይዘረጋል፣ ሴትዮዋ መሬት ተቀምጣ በአንድ እግሯ ልጣጩን ከሳንቃው ጋር ጥርቅም አርጋ ትይዘዋለች፣ ከዛ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች፣ ለስላሳው ክፍል ይወርዳል፣ ቃጫው እጇ ላይ ይቀራል። ቀርከሃ የሆነበት ምክንያት አለው፣ ብረት ቢሆን ቃጫውን ይቆርጠው ነበር፣ ቃጫው ደግሞ ገመድ ነው፣ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። ሥሩ ደግሞ ጥርስ ባለው መውቂያ ይደቆሳል፣ ሁሉም በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባና ቆጮ ይሆናል። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚበላው ምግብ ከዚህ የቀርከሃ ቁራጭ ነው የሚጀምረው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምርልሽ፣ ይሄ ደግሞ እዚሁ ቅርባችን ሰሜን ሸዋ ነው። እነዋሪ አካባቢ አፈሩ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር ነው፣ ክረምት ውሃ ይቋጥርና እህሉን ያፍነዋል። በሬም ማረሻም ሞልቷል፣ ግን ማረሻው ውሃውን አያስወጣም፣ ስለዚህ መሬቱ በበሬ ከታረሰ በኋላ ቤተሰቡ ወጥቶ በእጁ አፈር እየዛቀ ከፍ ያለ መደብና በመሃሉ ቦይ ይሠራል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል ተመራማሪዎች ይሄንኑ አይተው ሁለት ማረሻ በማጣመር ተመሳሳይ መደብ የሚያወጣ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠሩ። ልብ በይ፣ ተመራማሪው ነው ከገበሬው እጅ የተማረው።

ድህነት የለበትም ወይ ላልሽው፣ በሬ መግዛት ስላልቻለ ብቻ ሜዳ መሬቱን በዶማ የሚፈልጥ ብዙ ሰው አለ፣ እሱን መካድ አልፈልግም፣ ሥቃይ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በሚጠቅሰው ግምት አንድ ቤተሰብ በእጅ መሣሪያ ብቻ በዓመት 1.5 ሄክታር ገደማ፣ በእንስሳት ጉልበት 4 ሄክታር፣ በትራክተር ከ8 በላይ ማረስ ይችላል። ጎረምሳ ልጅ ከተማ ሲገባ ዶማው የሚቀረው እናት እጅ ላይ ነው፣ እሱንም አብረን ማየት አለብን። ግን መረሬ ሜዳ ላይ በሬ አጥቶ የሚቆፍረውን ሰውና ካቡን ለመጠበቅ ብሎ የሚቆፍረውን የኮንሶ ገበሬ አንድ ስም መስጠት ሁለቱንም አለማየት ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቼን በሰንበት ትምህርት ቤት "መንሹም በእጁ ነው" የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ጥቅስ አስጠንተዋቸው መንሽ ምንድነው ብለው ጠየቁኝ፣ እኔም ከተማ ነው ያደግኩት፣ አካፋ ነገር ነው ብዬ አለፍኩ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ቅርብ ነሽ እህቴ፣ አካፋ የሚመስለው ላይዳ ነው፣ መንሽ ሹካ ዓይነት ነው፣ ሁለቱም እንጨት ናቸው፣ ሁለቱም የአውድማ መሣሪያ ናቸው። ለልጆቹ ሂደቱን ብትነግሪያቸው ጥቅሱ ወዲያው ይገባቸዋል። አውድማ ማለት ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ የተደለደለና በእበት የተለቀለቀ መሬት ነው፣ የሚለቀለቀው እህሉ ከአፈር ጋር እንዳይቀላቀል ነው። ነዶው እዛ ላይ ይበተንና በሬዎች እየዞሩ ያበራዩታል። ከዛ በመንሽ ገለባው እየተነሳ ይራገፋል፣ ረጅሙ ጭድ ወደ ጎን ይወጣል፣ ፍሬው በጣቶቹ መሃል አምልጦ ይወርዳል። የቀረው ፍሬና እብቅ የተቀላቀለበት ነው፣ እሱን በላይዳ ወደ ላይ ሽቅብ ይበትኑታል፣ ነፋሱ እብቁን ይወስደዋል፣ ፍሬው ስለሚከብድ እዛው ይወድቃል። ነፋስ ከሌለ ሥራ የለም፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፣ ሲመጣ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ተነስቶ ይሠራል። ለቤት የሚሆነው በመጨረሻ በሰፌድ ይበጠራል። ዮሐንስ መጥምቅ ያንን ሲናገር ሰሚዎቹ በሙሉ አውድማ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፣ ፍሬው ወደ ጎተራ እብቁ ወደ እሳት የሚለውን ማንም ሳያብራራላቸው ነው የገባቸው። ጎጃም ወይ ሸዋ ዘመድ ካለሽ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በስልክ ቪዲዮ ቀርጸው እንዲልኩልሽ ጠይቂ፣ ከማንኛውም ሥዕል ይሻላል።

ጥያቄ፦ ማጭድ መቼ ተጀመረ? አንዳንዱ ጥርስ አለው አንዳንዱ የለውም፣ ልዩነቱ ምንድነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ማጭድም እንደ መቆፈሪያው ከእርሻ ይቀድማል። እስራኤል ውስጥ በገሊላ ባሕር ዳርቻ ኦሃሎ በሚባል ቦታ ከ23,000 ዓመት በፊት የዱር እህል ያጨደ የድንጋይ ስለት ተገኝቷል። ማጨዱን እንዴት አወቁ ትለኝ ይሆናል፣ የሣርና የእህል አገዳ ውስጥ ሲሊካ አለ፣ መስታወት የሚሠራበት ንጥረ ነገር ማለት ነው፣ እሱ ስለቱን ሲያሸው ሲያሸው የሚያብረቀርቅ ገጽታ ይተውበታል፣ ተመራማሪዎች ያንን በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ከ14 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ደግሞ ናቱፊያን የሚባሉት የዛው አካባቢ ሰዎች የአጥንት እጀታ ላይ ሰርጥ አውጥተው ትንንሽ የባልጩት ስለቶች በተርታ ይሰኩ ነበር፣ አንዱ ሲደንዝ እሱ ብቻ ይቀየራል። ደቡብ ኢራቅ ውስጥ ደግሞ ድንጋይ ብርቅ ስለነበር ከሸክላ ነበር ማጭድ የሚሠሩት፣ ጭቃውን ቀርጸው እስኪጠነክር በእሳት ይተኩሱታል፣ ሲሰበር ይጣላል ሌላ ይሠራል። እኛ አገር የሃ ላይ በጥንት መቃብሮች ውስጥ የነሐስ ማጭዶች ተገኝተዋል፣ ዘመናቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ባለው የመጨረሻው ሺህ ዓመት ውስጥ ነው። ሰው ማጭድ ይዞ የሚቀበር ከሆነ ማጭድ ተራ ዕቃ አልነበረም ማለት ነው።

ጥርሱን በተመለከተ፣ ባለ ጥርሱ እንደ መጋዝ እየሳበ ነው የሚቆርጠው፣ ቶሎ አይደንዝም፣ ደረቅ አገዳ ላይ ጥሩ ነው። ልሙጡ ደግሞ በደንብ ከተሳለ ንጹህ አድርጎ ይቆርጣል፣ ግን በየጊዜው ሞረድ ወይ ድንጋይ ይፈልጋል። ጤፍ አጫጅ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ተጠግቶ የሚያጭደው ጭዱን ላለማባከን ነው፣ የጤፍ ጭድ ለከብት መኖ ነው፣ ለጭቃ ምርጊትም ነው። ግራኝ ከሆንክ ደግሞ ጥርሱ ለአንተ ተገልብጦ እንዲሠራልህ ባለሙያውን ንገረው፣ በቀኝ ማጭድ ስታጭድ ብትውል የእጅህ አንጓ ነው የሚጎዳው።

ጥያቄ፦ ሻሎም። የአያቴ አባት ጎንደር አጠገብ ወለቃ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። ቤተሰቤ ውስጥ ስለዚህ ነገር ማውራት አይወደድም፣ ያፍራሉ። ሥራው ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ። (ከነታንያ፣ እስራኤል)

መልስ፦ ሻሎም ወንድሜ። ስለጻፍክ በጣም አመሰግናለሁ፣ ይሄ ደብዳቤ ዓምዱን እንዳሰፋው አድርጎኛል።

መጀመሪያ ሥራውን ልንገርህ። ወናፉ ከፍየል ቆዳ የተሠራ ሁለት ከረጢት ነው፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው እየተጫነ አየሩ ሳይቋረጥ ወደ ከሰሉ ይገባል፣ ብዙ ጊዜ ወናፍ የሚነፋው ልጅ ነው፣ ሙያውን የሚማረውም በዛው ነው፣ የእሳቱን ቀለም እያየ። ብረቱ ሲግል በጉጠት ይወጣና መስፉ ላይ በመዶሻ ይቀጠቀጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፣ እንደገና ይግላል። ማጭድ ሲሆን መጀመሪያ ቀጥ ያለ ዘንግ ይሆናል፣ ከዛ አንድ ጎኑ ይሳሳል፣ መታጠፉ የሚመጣው ከሳሳ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም አስቀድሞ ከታጠፈ ስለቱን እኩል ማሳሳት አይቻልም። ጭራው ሹል ይደረግና ገና ትኩስ እንዳለ እጀታው ውስጥ ይነዳል፣ እንጨቱን እያቃጠለ የራሱን ቦታ ይይዛል። ስለቱ በመጨረሻ ውሃ ይጠጣል፣ ሙሉ ብረቱ ውሃ ከገባ ይሰነጠቃል፣ ሳይጠጣ ከቀረ ይለዝባል፣ ስንት ሰከንድ መቆየት እንዳለበት የሚያውቀው የባለሙያው ዓይን ብቻ ነው። ዛሬ ጥሬ ዕቃው አብዛኛውን የመኪና ባሌስትራ ነው፣ ጥሩ ብረት ነው፣ ስለት ይይዛል። ድሮ ግን ብረቱ ራሱ ከአፈር ነበር የሚወጣው፣ ማዕድኑ ከከሰል ጋር ተደርቦ በወናፍ ሲነፋ ይውልና ዝቃጩ ይወርዳል፣ የሚቀረው ለስላሳ የብረት ጓል ነው፣ ያ እየተቀጠቀጠ ይጠራል። በደቡብ ኦሞ ዲሜዎች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ብረት እንዲህ ያወጡ ነበር። ቀደም ባለው ዘመን ደግሞ ኮስማስ የሚባለው የ6ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዥ የአክሱም ነጋዴዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ሄደው በወርቅ እንደሚለውጡ ጽፏል፣ ብረት ከወርቅ ጋር ነበር የሚመዛዘነው።

አሁን ስለ ማፈሩ። ቤተ እስራኤል ብዙዎቹ ወደ ብረትና ሸክላ ሥራ የገቡት ርስት በማጣት ነው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከአጼ ይስሐቅ ጋር ተያይዞ የሚነገረው ታሪክ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም የሚል ነው። መሬት የተከለከለው ሰው መሬት የሚታረስበትን መሣሪያ ሠሪ ሆነ፣ ይሄን ሳስበው ሁሌ ያመኛል። ጎንደሬው ገበሬ በዛ ሰው ማረሻ አርሶ፣ በዛ ሰው ማጭድ አጭዶ፣ እንጀራውን ቆርሶ ሲያበቃ ቡዳ ነው ይለዋል። ይሄ በቤተ እስራኤል ብቻ የደረሰ አይደለም፣ በመላው አገሪቱ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ ተንቋል፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ቢወጣም ስድቡ ቶሎ አልጠፋም፣ አሁንም አንዳንድ ቦታ አለ፣ ሊያሳፍረን የሚገባው እኛን ተሳዳቢዎቹን ነው።

አንድ ነገር አንብብ፣ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13። እዛ ላይ ፍልስጥኤማውያን ዕብራውያን ሰይፍና ጦር እንዳይሠሩ ብለው በእስራኤል አገር ብረት ሠሪ እንዳይኖር አድርገው ነበር፣ ሕዝቡም ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ ነበር ይላል። ለማሳሉ የሚከፈለው ዋጋ በዕብራይስጡ ፊም ይባላል፣ አርኪዮሎጂስቶችም ይሄው ስም የተቀረጸባቸው፣ 8 ግራም የማይሞሉ የሚዛን ድንጋዮች እዛው እናንተ አገር አግኝተዋል። ቀጥቃጭ የሌለው ሕዝብ እንዴት በጠላቱ እጅ እንደሚወድቅ መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። በ1991 እ.ኤ.አ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤል በሁለት ቀን ውስጥ ወደ እስራኤል ሲጓዝ ሰዉ ዕቃውን ጥሎ ነው አውሮፕላን የወጣው፣ ወናፍና መስፍ ይዞ የሄደ ጥቂት ነው የሚሆነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ ቁጭ በልና ጠይቃቸው፣ ከሰሉ ከምን እንጨት ነበር፣ ወናፉን ማን ይነፋ ነበር፣ አንድ ማረሻ በስንት ቁና እህል ይለወጥ ነበር፣ በቪዲዮ ቅረጸው። ጥያቄው በክብር ከመጣ ዝምታውም ይፈታል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ጓሮዬ ውስጥ ጎመንና ቃሪያ አለኝ፣ እናቴ ከአገር ቤት ያመጣችልኝ መኮትኮቻ እጀታው አጭር ነው፣ ወገቤን ገደለኝ። ለምን አያስረዝሙትም? (ከሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ)

መልስ፦ አጭር እጀታ ወደ ተክሉ ያስጠጋሻል፣ ችግኝና አረም ሲመሳሰል፣ ተክሉም ጥቅጥቅ ሲል የምትቆርጪውን ታያለሽ፣ ጥቅሙ እሱ ነው። ለአንድ ሰዓት ነው እንጂ ለአንድ ቀን የሚሆን መሣሪያ ግን አይደለም። ይሄ ጥያቄ ካንቺው ግዛት መምጣቱ ጥሩ ሆነ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሜክሲኮ የእርሻ ሠራተኞች ኤል ኮርቲቶ፣ አጭሩ፣ በሚሉት ዶማ ቀኑን ሙሉ ጎንብሰው ሰላጣና ሹገር ቢት ሲያሳሱ ይውሉ ነበር፣ ባለ እርሻዎቹ ሥራው ጥራት የሚኖረው በሱ ብቻ ነው ይሉ ነበር፣ ሠራተኞቹ ደግሞ ቀና ያለውን ሰው አለቃው ከሩቅ ለማየት እንዲመቸው ነው ይላሉ። ሐኪሞች የአከርካሪ ጉዳቱን መስክረው በ1975 እ.ኤ.አ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሠራተኞቹ ፈረደ፣ መሣሪያው ተከለከለ። ረጅም እጀታ ገባ፣ ሰላጣውም በቅሏል።

አንቺ ብረቱን ከእናትሽ መኮትኮቻ አውጥተሽ ደረትሽ ድረስ የሚደርስ ዛቢያ አስገቢለት፣ ሃርድዌር ቤት ሂከሪ የሚባል እንጨት አለ፣ አገር ቤት ወይራ ወይ ክትክታ የሚሠራውን ሥራ እሱ ይሠራልሻል። ሲረዝም ግን የብረቱ ዘመም ማለት መለወጥ አለበት፣ በአጭር እጀታ ወደ ውስጥ የታጠፈው ምላስ በረጅም እጀታ አፈሩን አይነክስም፣ ትንሽ ከፈት በይው። አጭሩን እጀታም አትጣይው፣ እናትሽ ስትመጣ ትፈልገው ይሆናል፣ ለችግኝ መደብም ይጠቅምሻል።

ጥያቄ፦ አያቴ ሲሞቱ ዶማ፣ ሁለት ማጭድ፣ ምሳርና አንድ መንሽ ተረከብን። ዝጓል። ቀለም ልቀባው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቀለም አትቀባ ወንድሜ፣ የባትሪ አሲድም እንዳታስነካው፣ ሞረድም አታሳርፍበት። ስለቱ የተበላበት ቦታ የአያትህ እጅ የሠራው ነው፣ ከሱ ቀኝ ወይ ግራኝ መሆናቸውን፣ ድንጋያማ ወይ ለስላሳ መሬት ማረሳቸውን የሚያነብ ሰው አለ፣ ከሳልከው ያ ይጠፋል። የላላውን ዝገት በደረቅ ብሩሽ አራግፍ፣ ብረቱን በዘይት በተነከረ ጨርቅ ስስ አድርገህ አብስ፣ እንጨቱን በተልባ ዘይት፣ ከዛ ከመሬት ከፍ አድርገህ ደረቅ ቦታ ስቀለው፣ ምስጥ መንሹን ነው አስቀድሞ የሚያገኘው። በተረፈ እያንዳንዱን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሳና ከኋላው ጻፍ፦ በአካባቢያችሁ ምን ይባላል፣ ማን ሠራው፣ ከየት ገበያ ተገዛ፣ ለየትኛው እህል ነበር። ቤት ቦታ ካጠረህ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ሄደህ ብትጠይቅ ጥሩ ነው፣ ግን ያቺን የጻፍክባትን ወረቀት ይዘህ ሂድ፣ ስሙና ባለቤቱ የማይታወቅ ዶማ ሙዚየም ቢገባም ብዙ አይናገርም።